በክቡ ውስጥ ያለው አራት ማዕዘን

ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ያህል በጀልባ ተጉዞ ዘጌ የወረደ ሰው በቡናው ጫካ ሽቅብ ጥቂት እንደተራመደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይደርሳል። ስሙ የገነነ ገዳም ነው፤ አሠራሩ ግን በየገጠሩ ከምናውቀው ክብ ደብር ብዙም አይለይም። ትውፊቱ መሥራቹ አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ይላል፤ ዘመኑም 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ጻድቁ ለዘጌ ሰው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሰጥተው ማረስንና ከብት ማርባትን ከለከሉ ይባላል። ሌላው አገር ሲራቆት ዘጌ ደን ለብሶ የቀረው በዚህ ግዝት ይመስለኛል።

ሕንፃው ከውጭ ሲያዩት እንጨት፣ ጭቃና ጭድ ነው። ዓይን የሚይዘው ጉልላቱ ላይ የተሰካው የሰጎን እንቁላል ብቻ ነው፤ ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማትነቅል፣ እግዚአብሔርም ምእመኑን አይዘነጋም ሲሉ ካህናቱ ያመሠጥሩታል።

ጉዱ ያለው ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ዙር ቅኔ ማኅሌት ይባላል፤ መዘምራኑ መቋሚያ ተደግፈው የሚያሸበሽቡበት ነው። ቀጥሎ ቆራቢው የሚቆምበት ቅድስት አለ። መካከል ላይ ታቦቱ ያለበት፣ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም የማይገባበት መቅደስ ይገኛል። ይህ መቅደስ ክብ አይደለም፤ አራት ማዕዘን ነው። ወንዱ በሰሜን፣ ሴቷ በደቡብ ስትቆም እያንዳንዱ ፊት ለፊቱ የሚያየው ሰፊ ግድግዳ አለው ማለት ነው።

ያ ግድግዳ ከወለሉ አንሥቶ እስከ ላይ ሥዕል ነው። ሠዓሊዎቹ ጭቃው ላይ በቀጥታ አልሳሉም፤ የጥጥ ጨርቅ ለጥፈው በጨርቁ ላይ ነው ቀለም ያፈሰሱት። ጻድቃኑ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉዎቹ በጎን ስለሚሳሉ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ይህን የያዘ ሕፃን ፊደል ሳይቆጥር ወገኑን ይለያል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። 78 ነፍስ የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው የተጠማ ድውይ ጥርኝ ውኃ በማጠጣቱ ይድናል፤ ነፍሱ በሚዛን ስትቀርብ ያቺ ጥርኝ ውኃ ሚዛኑን ትደፋለች። የኪዳነ ምሕረት ቤት ከዚህ የተሻለ ምን ሊሳልበት ይችላል?

የዚህ ሁሉ ጠላት ዝናብ ነው። ክዳኑ ካፈሰሰ ጭቃው ይርሳል፣ ጨርቁም ከግድግዳው ይላቀቃል። ቀለም ከማደስ በፊት ጣሪያውን ማየት ይቀድማል።