ውሃ መድኃኒት የሚሆነው እስከ ምን ድረስ ነው?

ሰው ሲታመም አስቀድሞ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ ውሃ ነው። ትኩሳት ሲይዘው ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይደረግለታል፤ ወገቡን ሲቆረጥመው በሙቅ ውሃ ይታሻል፤ እግሩን ወለም ሲለው ቀዝቃዛ ውሃ ይደረግበታል። ይህን ልማድ ከእናቶቻችን የወረስነው ስለ ሆነ፥ ምክንያቱን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። ውሃ በእውነት ይፈውሳልን? የሚፈውስስ ከሆነ እስከ ምን ድረስ ነው? ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋር የምንመረምረው ጉዳይ ይኸው ነው።

የአዲስ አበባ ታሪክ ራሱ ከዚህ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከብርዳሙ እንጦጦ ወርደው በፍልውሃ ሲታጠቡ ቦታውን ስለ ወደዱት፥ በአጠገቡ ቤት እንዲሠራላቸው ዳግማዊ ምኒልክን ጠየቁ፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማይቱ የተቆረቆረችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያ ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር 1886 መሆኑ ነው። በዚያው በ1886 በጀርመን አገር አንድ የካቶሊክ ቄስ ስለ ውሃ ሕክምና የጻፈው መጽሐፍ ታትሞ ወጣና ስሙ በዓለም ተሰማ። ይህ ሰው ሰባስቲያን ክናይፕ ይባላል።

ክናይፕ በ1821 እ.ኤ.አ. በባቫሪያ ከአንድ ድኻ ሸማኔ ተወለደ። በትምህርት ላይ ሳለ በሳንባ በሽታ ተይዞ ስለ ደከመ፥ የመዳን ተስፋው ተሟጦ ነበር። በ1849 ግን ዮሐን ሐን የተባለ ሐኪም ስለ ቀዝቃዛ ውሃ ጥቅም ቀደም ሲል የጻፈው መጽሐፍ በእጁ ገባ። ከዚያ በኋላ በክረምት ወደ ዳኑብ ወንዝ እየሄደ፥ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ገብቶ ይወጣና ልብሱን ለብሶ ሰውነቱ እስኪሞቅ በፍጥነት ይራመድ ጀመር። ጤናው ተመለሰለት፤ በ1852 ቅስና ተቀበለ፤ በ1855 ወደ ቬሪስሆፈን መንደር ተዛውሮ እስከ ሞተበት እስከ 1897 ድረስ ብዙ በሽተኞችን ሲረዳ ኖረ። ትምህርቱ ውሃ ብቻ አልነበረም፤ የሰውነት እንቅስቃሴን፥ ቀላል ምግብን፥ ዕፀዋትንና ሥርዓት ያለው ኑሮንም ይጨምራል።

ከእርሱ በፊት በኦስትሪያ ሲሌዥያ ቪንሰንዝ ፕሪስኒትዝ የተባለ ገበሬ የተሰበረ የጎድን አጥንቱን በእርጥብ ጨርቅ እየጠመጠመ ካዳነ በኋላ፥ በ1822 በተወለደበት መንደር የውሃ መታከሚያ ከፍቶ ነበር። ደግሞም ጄምስ ከሪ የተባለው የሊቨርፑል ሐኪም በ1797 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ትኩሳት የያዛቸውን ሰዎች በውሃ ሲያክም ሙቀታቸውን በቴርሞሜትር እየለካ እንደ ነበረ ገልጧል። በዚያ ዘመን እየለኩ ማከም የተለመደ ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንምጣ። ውሃ ሙቀትን ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል በበለጠ ፍጥነት ያስተላልፋል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ቆዳን ሲነካ በቆዳ ሥር ያሉት ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ እብጠትና ሕመም ይቀንሳል። ሙቅ ውሃ ሲሆን ደግሞ ደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፥ የተኮማተረው ጡንቻ ይላላል። በተጨማሪም ውሃ የሰውነትን ክብደት ስለሚያቀል፥ ጉልበቱን የሚያመው ሰው በሙቅ ውሃ ውስጥ ሆኖ መንቀሳቀስ ይቀለዋል።

ይሁን እንጂ ወጣት አንባቢዎቻችን በጥብቅ እንዲያስቡበት የምንሻው ነገር አለ። ክናይፕ ዳነ ማለት ውሃ የሳንባ በሽታን ያድናል ማለት አይደለም። ከወንዝ ወጥተው የዳኑት ታሪካቸውን ይጽፋሉ፤ የሞቱት ግን የሚጽፉት ነገር የለም። የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ረቂቅ ተሕዋስ መሆኑን ሮበርት ኮኽ በ1882 እ.ኤ.አ. አስታወቀ፤ በሽታውን የሚያሸንፍ መድኃኒት የተገኘው ግን በ1940ዎቹ ነው። ዛሬ ለወራት ሳይቋረጥ የሚወሰድ መድኃኒት እያለ፥ እርሱን ትቶ በውሃ ብቻ እድናለሁ ማለት የራስን ሕይወት አሳልፎ ከመስጠት በላይ፥ በአንድ ቤት የሚኖሩትን ሁሉ ለበሽታው ማጋለጥ ነው። ወደ ፍልውሃ የሚሄድም ሆነ ጠበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም።

ውሃ ዋና መድኃኒት የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ ይኸውም ቃጠሎ ነው። በየቤታችን ጀበና ሲገለበጥ ወይም ወጥ ሲፈስ ብዙ ሰው ቅቤ፥ የቡና ዱቄት ወይም የጥርስ ሳሙና ለመቀባት ይሯሯጣል። ይህ ስሕተት ነው። የተቃጠለውን ቦታ ወዲያው ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቀዝ ባለ፥ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ማቆየት፥ ቀጥሎም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። በረዶ ግን ቆዳውን ይበልጥ ስለሚጎዳው አይደረግበትም።

ትኩሳት የያዘውን ልጅ በጣም በቀዘቀዘ ውሃ መንከር አይገባም፤ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠው ሰውነቱ ሌላ ሙቀት ይፈጥራልና። ወባ ወይም ሌላ በሽታ እንዳይሆን መንሥኤውን ማስመርመር ይበልጣል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግሩ ደንዝዞ ሊሆን ስለሚችል፥ እግሩን ከመንከሩ በፊት የውሃውን ሙቀት ሌላ ሰው ይሞክርለት። የልብ ሕመም ያለበትም ሐኪሙን ሳያማክር ወደ በረታ ሙቀትም ሆነ ወደ በረታ ብርድ አይግባ። ጤነኛ የሆነ ሰው እንኳ ብቻውን ወደ ቀዝቃዛ ወንዝ ዘሎ አይግባ፤ ድንገተኛው ብርድ ትንፋሽን ያሳጥራል።

አባቶቻችን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ። ይህ አባባል ለሕክምናውም ይሠራል። ውሃ ድካምን ያስወግዳል፥ ሕመምን ያስታግሣል፥ ቃጠሎን ያበርዳል፤ ይህን ያህል ጥቅም ከሰጠን ልናመሰግነው ይገባል። ከዚህ የበለጠውን ከእርሱ ጠብቀን ሐኪም ዘንድ ከመሄድ የዘገየን እንደ ሆነ ግን፥ እያሳሳቀ የሚወስደን ያን ጊዜ ነው።