የዜማ መምህራን እርስ በርስ የሚተራረሙበት ሥርዓት፤ ከጋይንትና ከደብረ ታቦር ጉባኤ ቤቶች ለሙዚቃ መምህራን የሚገኝ ልምድ

ሙዚቃን የሚያስተምር ሰው ከሌሎች መምህራን የሚለይበት አንድ ችግር አለ። የሒሳብ መምህር ቢሳሳት ስሕተቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ ተማሪውም ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቶ ሊያርመው ይችላል። የዜማ ስሕተት ግን ድምፁ ሲያበቃ አብሮ ይጠፋል። የሚቀረው በሕፃናቱ ጆሮ ውስጥ ነው፤ እነርሱም ትክክለኛው ይህ ነው ብለው ይይዙታል። ስለሆነም የሙዚቃ መምህር ሙያውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ካላዳመጠው በቀር ራሱን የሚያርምበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን ትምህርት የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ አንድ መምህር ብቻ በመሆኑ፣ የሚያዳምጠው ባልደረባ ሳያገኝ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

በደቡብ ጎንደር ደጋ ይህ ችግር ጥንትም ታውቆ መፍትሔ ተበጅቶለታል። ከደብረ ታቦር በክምር ድንጋይ አድርጎ ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ የሚደረሰው የጋይንት ምድር፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት ሁለት ታላላቅ ማዕከሎች የሚገኙበት ነው። ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። የተክሌ አቋቋም ማስመስከሪያ ደግሞ ራሷ ደብረ ታቦር ናት።

እዚህ ላይ «ማስመስከር» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል። ድጓን በሌላ አገር ለብዙ ዓመታት የተማረ ሰው መምህር ለመሆን ሲያስብ ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል። በዚያም ያጠናውን በመምህሩ ፊት ያዜማል፤ የያዘውንም የድጓ መጽሐፍ ከቤተ ልሔሙ ጋር እያስተያየ ያርማል። ከዚህ በኋላ ዐዋቂነቱ ይመሰከርለታል። ይህ በዛሬው አነጋገር የመመረቂያ ፈተና ብቻ አይደለም። በትግራይም ሆነ በሸዋ ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምር መምህር ወደ አንድ ምንጭ ተመልሶ ድምፁን የሚያስተካክልበት መንገድ ነው። የሰውየው ጉባኤ ቤት ምንም ያህል ሩቅ ቢሆን ዜማው በዚያው ከተመሰከረለት ከሌላው መምህር ዜማ ጋር የሚገጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመሆኑ የዜማ ምልክት እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? በትውፊት እንደሚነገረው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት የዜማውን ምልክት ሠርተዋል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ከሚባሉት ሌላ በመቶ የሚቆጠሩ የፊደል ምልክቶች ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት ይሰፍራሉ። ነገር ግን የፊደል ምልክቱ ድምፁ ስንት ደረጃ እንደሚወጣ ወይም እንደሚወርድ አይለካም። በሌላ ቦታ የሚታወቀውን ዜማ ያስታውሳል እንጂ። ያንን ዜማ አስቀድሞ በጆሮው ያልያዘ ሰው ምልክቱን ቢያይ ምንም አያገኝበትም። በአውሮፓ ኖታ የሠለጠኑ የዘመኑ መምህራን ይህን እንደ ጉድለት ሲቆጥሩት ይሰማል። በእኔ ግምት ግን ሥርዓቱን ያጸናው ይኸው ነው፤ መጽሐፉ ብቻውን ስለማይበቃ መምህሩ ሌላ መምህር ዘንድ ለመሄድ ይገደዳል።

መተራረሙ በምስክር አያበቃም። በዓል በደረሰ ጊዜ በማኅሌቱ ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ትይዩ ይቆማሉ፤ አንዱን ወገን ቀኝ ጌታው፣ ሌላውን ግራ ጌታው ይመራል። ዜማው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲመላለስ በቁም፣ በዝማሜ፣ በመረግድና በጽፋት እያለ ወረብ ይደርሳል። አንዱ የሳተውን ዜማ ፊት ለፊቱ የቆሙት ሁሉ ይሰሙታል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቀው ማኅሌት ምስጋና ብቻ ሳይሆን የሙያ ሸንጎም ነው።

ሥርዓቱ ጥብቅ ይሁን እንጂ ለአዲስ ነገር ጨርሶ በሩን አልዘጋም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የነበሩት የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና፣ ዛሬ ሕዝቡ በቀልዳቸው ብቻ ቢያስታውሳቸውም፣ በሙያቸው የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። እንደሚተረከው አዲስ የአቋቋም ስልት አውጥተው ሳለ የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ እርሱም ወደ ደብረ ታቦር ይዞት ሄደ። በዚያ ተቀባይነት አግኝቶ በልጁ ስም «የተክሌ» ተባለ፤ ቀጥሎም በሰፊው ተሠራጨ። የጎንደሩም ስልት አልጠፋም። የታሪኩ ፍሬ ነገር፣ አዲሱ ስልት የጸናው በባለሙያዎች ጆሮ ተመዝኖ ሌሎች መምህራን ሲቀበሉት መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ለዘመናዊው ትምህርት ቤት እንዳለ ይገለበጥ ማለት አይደለም። የቆሎ ተማሪ ችግር፣ የትምህርቱ ዘመን መርዘም፣ ሴቶች በወንበሩ ላይ ያላቸው ቦታ እጅግ ማነስ በአርአያነት የሚጠቀሱ አይደሉም። ደግሞም የትምህርት ቤቱ ሙዚቃ አንድ ወጥ ቅዱስ ድርሰትን የመጠበቅ ግዴታ የለበትም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በተጫዋቹ ልክ ይለዋወጣሉ፤ መለዋወጣቸውም ውበታቸው ነው። ሊወሰድ የሚገባው መምህር በመምህር የሚደመጥበት ልማድ ነው።

በዚህ ረገድ ለዕቅድ አውጪዎች አንድ ነገር ማመልከት ያስፈልጋል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ ለእያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት መድቦ ነበር። ትምህርት ቤቶችም በጉድኝት ማዕከል ይሰበሰባሉ። ሆኖም ስብሰባው በትምህርት ቤት ቅርበት የተመሠረተ በመሆኑ የክወናና የዕይታ ጥበባት መምህሩ ከሒሳቡና ከቋንቋው መምህራን ጋር ተቀምጦ ስለ ትምህርት ዕቅድ አጻጻፍ ይወያያል እንጂ ሲዘፍን ወይም ክራር ሲቃኝ የሚሰማው የለም። ለዚህ ሙያ መሰባሰቡ በትምህርት ዓይነት፣ በወረዳ ወይም በአጎራባች ወረዳዎች ደረጃ መሆን ይገባዋል። የፋርጣ፣ የላይ ጋይንትና የእስቴ መምህራን በዓመት ሁለት ጊዜ ቢገናኙ፣ ከሰዓቱም የሚበዛው ለንግግር ሳይሆን ለመደማመጥ ቢውል ይመረጣል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለተዘጉና መንገድም አስቸጋሪ ስለሆነ መገናኘቱ በማይቻልበት ጊዜ፣ በእጅ ስልክ የተቀዳ ድምፅ መለዋወጥ ይቻላል። ግን ቀድቶ መላክ ብቻውን ማስመስከር አይሆንም። የተላከውን የሚያዳምጥ፣ «ይህ ስንኝ ላይ ቅኝቱን ለቀሃል» ብሎ የሚመልስ አንድ የተወሰነ ባልደረባ ሊኖር ይገባል፤ እርሱም በተራው የራሱን ድምፅ ይልካል።

ለመጀመሪያው ልውውጥ የሚሆን ነገር ሩቅ አይደለም። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ይውላል፤ በዚያው ሰሞን ልጆች በየደጁ እየዞሩ የቡሄን ዘፈን ያሰማሉ። አቀንቃኙ ግጥሙን፣ ተቀባዮቹም ዜማውን እንደየአገራቸው ይለዋውጡታል። እያንዳንዱ መምህር የቀበሌውን ልጆች አወራረድ ቀድቶ ቢያመጣና ቅኝቱ የትኛው እንደሆነ በጉባኤ ፊት ቢያስረዳ፣ በመምህራኑ መካከል ያለው የአሰማም ልዩነት በመጀመሪያው ቀን ይታወቃል።