ሳሳ ባለ አየር ውስጥ ዝም የሚል ኮምፒውተር

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ93 ገደማ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ጊዜ ይፈጃሉ። ምክንያቱ የአየሩ መሳሳት ነው። ይኸው አየር ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠውን ዴስክቶፕ ኮምፒውተርም ይመለከተዋል፤ ኮምፒውተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነውና። በዚህ ከፍታ ያለ አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲመዘን በ20 በመቶ ያህል ይቀልላል። የፋኑ ዙር አልተለወጠም፣ የሚገፋውም የአየር ይዘት ያው ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱን ተሸክሞ ከሚወጣው አየር አንድ አምስተኛው የለም።

ልዩነቱ በቴርሞሜትር ይታያል። ጂቡቲ ወደብ ላይ ከክፍሉ አየር በ40 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት የሚያሳይ ፕሮሰሰር፣ በዚያው ፋንና በዚያው ሥራ ሰቆጣ ላይ ወደ 47 ወይም 48 ሊጠጋ ይችላል። ደግነቱ ደጋው የወሰደውን መልሶ ይሰጣል። የጂቡቲው ክፍል 35 ዲግሪ ሲሆን የሰቆጣው 22 ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ እዚያ 75፣ እዚህ 70 ይሆናል ማለት ነው። ችግሩ የሚጠናው ወደ ቆላው ሲወረድ፣ ወደ ሰሃላ ወረዳና ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲዘለቅ ነው። እዚያ አየሩ ከባሕር ወለሉ አሁንም የሳሳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለው የክፍል ሙቀት ግን የደጋው አይደለም። አንድ ማሽን ለሁለቱም እንዲሆን ከተፈለገ መታሰብ ያለበት ለሰሃላ ነው።

ጉዳዩን ሠሪዎቹም ያውቁታል። አሽሬ የሚባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለሰርቨር ክፍሎች ባወጣው መመሪያ፣ እስከ 35 ዲግሪ ለተፈቀደለት ማሽን ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነስበታል። በሰቆጣ ከፍታ ሲሰላ ወደ 31 ዝቅ ይላል። ከቻይና የሚመጡ ፓወር ሰፕላዮችን ገልብጦ ጀርባቸውን የሚያነብ ሰው ደግሞ ከምልክቶቹ መካከል የተራራ ሥዕልና 2,000 ሜትር የሚል ጽሑፍ ያገኝ ይሆናል። ከዚያ ከፍታ በታች እንዲሠራበት የተዘጋጀ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ጉዳዩ የሙቀት ብቻ አይደለም። የሳሳ አየር ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙም ይቀንሳል፣ ስለዚህ በውስጡ ባሉት ባዶ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ ማለት አለበት። ባሕር ዳር ከዚህ መስመር በታች ናት፤ አዲስ አበባና ሰቆጣ በላይ ናቸው። 5,000 ሜትር የሚል ምልክት ያለው ከተገኘ እሱን መግዛት ነው።

ሰቆጣና ሰሃላ በሚገኙበት በዋግ ኽምራ ዞን ውስጥ ዴስክቶፕ የሚሠራበት ቦታ ጥቂት አይደለም። የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የየወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሒሳቡን ኢቤክስ በሚባለው ሶፍትዌር ሲመዘግብ ይውላል፤ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎችም አሉ። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በኽምጣና ቋንቋ ዝግጅት ያቀርባል። ለእንዲህ ያለ ዝግጅት ድምፅ ለመቅዳት ማይክ ፊት ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ከጎኑ የሚያጓራ ፋን ሥራውን ያበላሽበታል። በአንድ ጠባብ ቢሮ አራት ኮምፒውተሮች ሲጮኹ የሚውል የሒሳብ ሠራተኛም ማታ ጭንቅላቱን የሚከብደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሙቀቱ ካልተቀነሰ ድምፁ አይቀነስም፤ ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው። የአንድን ፋን ዙር በግማሽ ብንቀንሰው ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ለጆሮ ደግሞ 10 ዴሲቤል የቀነሰ ድምፅ በግማሽ ያነሰ ሆኖ ነው የሚሰማው። እንግዲህ ዙር መቀነስ እንዲህ ትልቅ ትርፍ ካለው፣ ዙር ሳይበዛ አየር የሚያንቀሳቅስ ፋን መፈለግ ነው፤ ያም ሰፊው ነው። ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ከባለ 80ው በስፋት ከሁለት እጥፍ ይበልጣል፤ ትንሹ እየጮኸ የሚያወጣውን አየር ትልቁ ቀስ ብሎ ዞሮ ያወጣዋል። የፋኑ መዞሪያ ዓይነትም መታየት አለበት። በተራ ቡሽ ብቻ የሚዞረው ርካሽ ፋን ቅባቱ ሲደርቅና አቧራ ሲገባው በዓመት ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሲበራ ማንቋረር ይጀምራል።

ፋኑን ጨርሶ ማውጣትስ? ተሞክሯል። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው አፕል ሦስት ድምፅ እንዳይኖረው ሲባል ያለ ፋን ተሠራ። ማሽኑ ሲግል ቺፖቹ ከተሰኩበት እየተነቀሉ አስቸገሩ፤ ለደንበኞች ከተሰጡት ምክሮች አንዱ ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛው ጥቂት ከፍ አድርጎ መልቀቅ ነበር፣ ቺፖቹ በግጭቱ ተመልሰው እንዲገቡ። ዛሬ ያለ ፋን የሚሠሩ ደህና ማሽኖች አሉ። ለሰሃላ ግን አልመክርም፤ በሳሳና በሞቀ አየር ውስጥ ያለ ረዳት የቆመ ብረት የሚያወጣው ሙቀት በጣም ትንሽ ነው።

ዋናው ውሳኔ ያለው ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ ያልተፈጠረ ሙቀት ማስወጫ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጡት አንዳንዶቹ ፔንቲየም 4 ፕሮሰሰሮች አንድ ኮር ብቻ እያላቸው ከ100 ዋት በላይ ይፈጁ ነበር። በ2018 የወጣው ኮር አይ 5 8500ቲ ስድስት ኮር ይዞ የተመደበለት 35 ዋት ነው። በስሙ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ቲ» መፈለግ ነው፤ ኢንቴል ለዝቅተኛ ኃይል የሠራቸውን የምታመለክት ፊደል ናት። እንዲህ ያሉት አዲስ አበባ ውስጥ በዩዝድ ዕቃ ሱቆች አይጠፉም። ለደብዳቤ፣ ለሒሳብ፣ ለድምፅ ቅጂ ከበቂ በላይ ናቸው፤ ለብቻው የሚገባ የጌም ግራፊክስ ካርድ ግን ሰቆጣ ቢሮ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ጨርሶ አልገባኝም። ዝቅተኛ ዋት ሌላም ትርፍ አለው። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ሰቆጣና አካባቢዋ ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት ቆይተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ በሶላርና በባትሪ ሊሠራ የሚችለው ትንሽ የሚበላው ማሽን ነው። ያው ዩፒኤስ ለእሱ ረዘም ያለ ደቂቃ ይቆያል።

ፓወር ሰፕላይ ራሱ ሙቀት አምራች ነው። ኮምፒውተሩ 100 ዋት ቢፈልግና ፓወር ሰፕላዩ በ80 በመቶ ብቃት ቢሠራ፣ ከግድግዳው 125 ዋት ስቦ 25ቱን ኬዙ ውስጥ ሙቀት አድርጎ ይተዋል። ብቃቱ 90 ቢሆን የሚባክነው 11 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ 80 ፕላስ ጎልድ የሚል የብቃት ማኅተም ያለበትን መግዛት የጌጥ ጉዳይ አይደለም። የመብራቱን መዋዠቅ የሚያስተካክለው ስታብላይዘር ግን አይቅር።

ሃርድ ዲስክን በኤስኤስዲ መተካት ደግሞ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከረው ዲስክ የማያቋርጥ ንዝረት ለኬዙ ቆርቆሮ ያስተላልፋል። የሚያነበውም ጭንቅላት ዲስኩን ሳይነካ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ዲስኮች ከ3,000 ሜትር ብዙም በማይበልጥ ከፍታ የሚወሰኑትም አየሩ ሲሳሳ ስለማይሸከመው ነው። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር የለውም።

አሁን ወደ አቧራው እንምጣ፤ በዋግ ማሽን የሚገድለው በአብዛኛው እሱ ነው። ክረምቱ አጭር ነው፣ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ሐምሌ ድረስ መሬቱ ደርቆ ይከርማል። ሁለት ዓመት ያህል ያልተከፈተ የቢሮ ኮምፒውተር ጎኑን ፈትታችሁ ብታዩ፣ በፋኑና ሙቀት አስወጪው ብረት በሆነው በሂትሲንኩ መካከል ግራጫ ምንጣፍ ተነጥፎ ታገኛላችሁ። ከላይ ሲያዩት የአሉሚኒየሙ ክንፎች ንጹሕ ይመስላሉ፤ ፋኑ ሲነሳ ግን ከሥሩ አቧራው ከክር ብጥስጣሽና ከፀጉር ጋር ተጋግሮ በቁራጭ በቁራጭ ይላቀቃል። ፋኑ እስከ መጨረሻ ዙሩ እየጮኸ፣ አየሩ ግን ወደ ክንፎቹ አይገባም። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሠራተኛው «ቫይረስ ገብቶበታል» ብሎ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ያስጭናል።

ይህን የሚከላከለው የፋኖቹ አቀማመጥ ነው። ከፊት ሁለት ባለ 120 ፋን ወደ ውስጥ እንዲነፍሱ፣ ከኋላ አንድ ወደ ውጭ እንዲያወጣ ሆነው ይገጠማሉ። የሚገባው አየር ከሚወጣው ከበለጠ በኬዙ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው ትንሽ ከፍ ይላል። ያን ጊዜ በየቀዳዳውና በየዩኤስቢው ስንጥቅ የሚያልፈው አየር ወደ ውጭ የሚወጣ ይሆናል፤ መግቢያው በፊት ለፊቱ ማጣሪያ ብቻ ነው። ፋብሪካ የሠራው ማጣሪያ ከሌለ ቀጭን የሴት ስቶኪንግ ወጥሮ መግጠም ይቻላል፣ በወር አንዴ አጥቦ ማድረቅ ነው። አብዛኛው ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ፋኖቹን ሁሉ ወደ ውጭ አዙሮ «ሙቀቱ ይውጣ» ይላል። ሙቀቱ ይወጣል፤ በምትኩ አቧራው በየስንጥቁ ተስቦ ይገባል።

ኬዙ ወለል ላይ አይቀመጥ። ጫማና መጥረጊያ የሚያስነሱት አቧራ ሁሉ በዚያ ቁመት ነው የሚንሳፈፈው፤ ሁለት ስንዝር ከፍ የሚያደርግ የእንጨት በርጩማ ይበቃዋል። ዳንቴሉም ይነሳ። ቴሌቪዥን ላይ ያምራል፣ አላልኩም አያምርም፤ ኬዝ ላይ ሲለብስ ግን የላዩን ቀዳዳ ይደፍናል። የኮምፒውተር ጠረጴዛው በር ያለው ሣጥን ካለውም በሩ ክፍት ይዋል፤ ጀርባው ከተዘጋ ማሽኑ የተፋውን አየር መልሶ ይስባል።

የመግጠሙ ሥራ ጥንቃቄ የሚፈልገው ሂትሲንኩ ላይ ነው። በመካከሉ የሚያልፉት የመዳብ ቱቦዎች ድፍን አይደሉም። አየሩ ተመጦ ወጥቶ ጥቂት ውሃ ታሽጎባቸዋል። ግፊት በሌለበት ውሃው ገና 40 ዲግሪ አካባቢ ይተንና ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሄዳል፣ እዚያ ሙቀቱን ለክንፎቹ አስረክቦ ውሃ ሆኖ ይመለሳል። ሰቆጣ ላይ ባቄላውን የሚያዘገየው የግፊት ማነስ እዚህ ውስጥ አገልጋይ ነው፤ ቱቦው ጥብቅ ብሎ ስለታሸገም የውጭው ከፍታ አይነካውም። ሂትሲንኩ ሲገዛ ቁመቱ በኬዙ ውስጥ መግባቱን መለካት ያስፈልጋል።

በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል ያለው አሮጌ ፔስት አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ሙልጭ ተደርጎ ይጠረጋል። አዲሱ በፕሮሰሰሩ መካከል የምስር ፍሬ ታክል ይደረጋል፤ በጣት አይቀባም፣ ሂትሲንኩ ሲጠብቅ ራሱ ያሰፋዋል። ከበዛ ጥቅም የለውም፤ ፔስት ሙቀት የሚያስተላልፈው ከመዳብ እጅግ ባነሰ መጠን ነው፣ ሥራው በሁለቱ ብረቶች መካከል የቀረችውን የአየር ክፍተት መሙላት ብቻ ነው። አዲስ ሂትሲንክ ከሆነ ከሥሩ የተለጠፈው ላስቲክ ይላጥ። በአገራችን የአዲስ ዕቃ ላስቲክ አለመላጥ ልማድ ነው፤ ይህችኛዋ ላስቲክ ግን ካልተላጠች ማሽኑ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። ብሎኖቹ አንዱ እስከ መጨረሻ ጠብቆ ሌላው አይከተልም፤ በሰያፍ እየተፈራረቁ ጥቂት ጥቂት ይጠብቃሉ። ገመዶቹ ከፊቱ ፋን ፊት ተነስተው ወደ ጎን ይታሰራሉ።

ከተገጠመ በኋላ ባዮስ ውስጥ ገብቶ የፋኑን አካሄድ መወሰን ነው። ለእኔ የሚስማማኝ፣ ፕሮሰሰሩ 55 ዲግሪ እስኪደርስ ፋኑ በደቂቃ 600 ዙር ላይ እንዲቆይ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወጥቶ 75 ላይ 1,000 እንዲደርስ ነው። ቶሎ ቶሎ ከፍና ዝቅ የሚል ፋን አንድ ወጥ ድምፅ ካለው ይልቅ ያናድዳል፤ ለዚህ ብዙ ባዮሶች ፋኑ ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ እንዲከተል የሚያደርግ ምርጫ አላቸው። ፋኑ ባለ አራት ቀዳዳ ሶኬት ያለው ቢሆን ቁጥጥሩ የተስተካከለ ይሆናል። የጽዳት ቀን ሲደርስ ደግሞ አቧራ የሚነፋው ብሎወር ፋኑን እንዳያሽከረክረው ክንፉ በእርሳስ ይያዝ፣ ካለዚያ ከዙሩ በላይ ሄዶ መዞሪያው ይጎዳል። በአፍ መንፋት እርጥበት ያስገባል።

ፈተናው የሚደረገው ክፍሉ በሚሞቅበት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ፕራይም 95ን የመሰለ ማሽኑን የሚያስጨንቅ ፕሮግራም ለግማሽ ሰዓት ይከፈትና ሙቀቱ ይነበባል። ሰቆጣ ላይ ከ75 በታች ከቆየ ለሰቆጣ ጥሩ ነው። ወደ ሰሃላ የሚሄድ ማሽን ከሆነ ባሳየው ላይ 15 ዲግሪ ያህል ደምሮ መገመት ነው። እዚህ 70 ያሳየው እዚያ 85 ገደማ ይሆናል፣ ይሠራል። 80 ያሳየ ግን ከመጫኑ በፊት ተለቅ ያለ ሂትሲንክ ይገባለት፤ ሰሃላ ከደረሰ በኋላ መለዋወጫ የሚመጣለት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከአዲስ አበባ ነው።