ቀዩ መብራት ሲበራ ማን ይናገር?

ለመስክ ሥራ ከከተማ የሚወጣ ባለሙያ፣ መሐንዲስም ይሁን ሐኪም፣ የግብርና ባለሙያም ይሁን ኦዲተር፣ በዓመት ስንት ቀን በፒክአፕ ጋቢና ውስጥ እንደሚያሳልፍ ቢያሰላ ሳይገርመው አይቀርም። ይህ ሰው ላፕቶፑንና ሞባይሉን ጠንቅቆ ያውቃል። ሕይወቱን ስለተሸከመው መኪና ግን ከነዳጅ ጌጁ በስተቀር እምብዛም የሚያውቀው ነገር የለም። ሲጠየቅም “እሱ የሹፌሩ ሥራ ነው” ይላል። እኔ በዚህ አባባል አልስማማም፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

በመሥሪያ ቤት መኪና ውስጥ ሥልጣኑ ያለው መሪውን በያዘው ሰው እጅ አይደለም። ከጎኑ የተቀመጠው ኃላፊ ስብሰባ ይጠብቀዋል፣ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል፣ “እስከ ደሴ አያደርሰንም እንዴ?” ብሎ ይጠይቃል። ሹፌሩ መብራቱን አይቷል፤ ምን ማለት እንደሆነም ያውቃል። ይሁን እንጂ “እሺ ጌታዬ፣ እንሞክር” ይላል። በብዙ ዓመታት የመስክ ጉዞዬ ይህን ምልልስ በተለያየ አነጋገር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። “እንሂድ” ወይም “እንቁም” የሚለው ሰው ያ ከሆነ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ዳሽቦርድ ማንበብ መቻል ያለበትም እሱ ነው። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግማሹን ጊዜ እየነዳሁ፣ ግማሹን ጊዜ እየተነዳሁ፣ መካኒኮችንና ነባር ሹፌሮችን እየጠየቅሁ ያወቅሁትን ነው የማካፍለው።

ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከቶዮታ ሃይሉክስና ከላንድክሩዘር ፒክአፕ የተወሰዱ ናቸው፤ በመስክ መንገድ ላይ በብዛት የምናገኛቸው እነሱ ናቸውና። (ሃይሉክስ በጃፓን ለገበያ የቀረበው በ1960 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስሙ “ከፍተኛ” እና “ምቾት” የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የተዳቀለ ነው። በአሮጌ ደብል ጋቢና የኋላ ወንበር ላይ አምስት ሰዓት የተጓዘ ሰው ስለ ሁለተኛው ቃል የራሱ አስተያየት ይኖረዋል።)

ለመነሻ ያህል ቀለሞቹን መለየት ብዙ ይጠቅማል። አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት መረጃ ብቻ ነው፤ ፍሬቻ በርቷል፣ ረጅሙ መብራት በርቷል እንደማለት። ቢጫው “ችግር አለ፣ ሳይዘገይ ይታይ” ይላል። ቀይ ግን አመቺ ቦታ ፈልጎ ወዲያውኑ መቆምን ይጠይቃል። ቁልፉ ሞተሩን ሳያስነሳ ሲከፈት አብዛኞቹ የማስጠንቀቂያ መብራቶች አንድ ላይ ይበራሉ፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋሉ። ይህ መኪናው ራሱን የሚፈትንበት መንገድ ነው። በዚያች ቅጽበት ያልበራ መብራት ካለ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይም የሆነ ሰው ሆን ብሎ አንስቶታል። ያገለገለ መኪና የምትገዙ አንባቢያን ይህን ልብ በሉልኝ። ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ ቢጠብቃችሁ አስጠፍታችሁ ቁልፉን እንደገና ራሳችሁ ክፈቱት።

ከቀዮቹ ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው የዘይት ማፍሰሻ ጣሳ የሚመስለው መብራት ነው። ብዙ ሰው “ዘይት ቀንሷል፣ ስንደርስ እንጨምራለን” የሚል ትርጉም ይሰጠዋል። መብራቱ የሚናገረው ግን ስለ ዘይቱ ግፊት እንጂ ስለ መጠኑ አይደለም። ግፊቱ ጠፋ ማለት ሞተሩ ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከሩት ብረቶች ያለ ዘይት እየተፋተጉ ነው ማለት ነው። ሞተር በዚህ ሁኔታ ለመንከስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። መኪናውን ከመንገድ ማውጣትና ወዲያው ማጥፋት ብቻ ነው መፍትሔው፤ የሚቀጥለው ከተማ 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢቀረውም እንኳ።

የባትሪ ምስል ያለው ቀይ መብራት በአንጻሩ በጣም ይናቃል። “ባትሪው ቻርጅ አያደርግም፣ ቀን ስለሆነ መብራት አያስፈልገንም፣ እንሂድ” ይባላል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የብዙ ኃላፊዎች የተሳሳተ ውሳኔ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መብራቱ የሚበራው ዲናሞው ኃይል ማመንጨት ሲያቆም ሲሆን፣ አንዱ ዋነኛ ምክንያት ደግሞ ዲናሞውን የሚያዞረው ችንጋ መበጠስ ነው። በቀድሞዎቹ የዲዝል ሃይሉክስ ሞተሮች ያው ችንጋ ውኃውን በሞተሩ ውስጥ የሚያዘዋውረውን ፓምፕም ያዞራል። ስለዚህ ከባትሪው መብራት ቀጥሎ የሙቀት ጌጁ መውጣት ይጀምራል።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። የቤንዚን ሞተር አየር በሚስብበት ጊዜ የሚፈጥረው ክፍተት የፍሬኑን ማገዣ ያንቀሳቅሳል። ዲዝል ግን በተፈጥሮው ይህን ክፍተት ስለማይፈጥር ለብቻው ፓምፕ ይሠራለታል። በነዚሁ የቀድሞ የሃይሉክስ ዲዝል ሞተሮችና በላንድክሩዘር ፒክአፕ ይህ ፓምፕ የተገጠመው ከዲናሞው ጀርባ ነው። ችንጋው ከተበጠሰ ፓምፑም ይቆማል። የተጠራቀመው ኃይል ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን እስኪረገጥ ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ፍሬኑ ጨርሶ አይጠፋም፣ ነገር ግን መኪናውን ለማቆም በሙሉ ጉልበት መቆም ይጠይቃል። “የባትሪ ጉዳይ” ተብሎ የተናቀው መብራት ቁልቁለት ላይ የፍሬን ጉዳይ ሆኖ ቁጭ አለ ማለት ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ችንጋው በቦታው መኖሩን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የሙቀት ጌጁ ላይ ዋናው ነገር ቀስቱ ዘወትር የሚቆምበትን ቦታ ማወቅ ነው። መኪናው ሁልጊዜ ከመሐል ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚቆም ከሆነና ዛሬ ከመሐል ካለፈ፣ ቀዩ ጋ ሳይደርስም ነገር አለ። በደጋ አገር የምንነዳ ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለን። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውኃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውኃ ከዚያ በላይ ሞቆም የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዘው ብቻ ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግፊቱ ይሾልካል፤ ውኃውም ቀድሞ ይፈላል። ሞተሩ ሲግል አየር ማቀዝቀዣውን ማጥፋትና የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት የተወሰነ ሙቀት ያስወጣል፤ ተሳፋሪው ቢያልበውም ይታገሥ። ጌጁ ወጥቶ ወጥቶ ድንገት ከወረደ ግን ደስ አይበላችሁ። ውኃው አልቆ ሙቀት ለኪው የሚነካው ፈሳሽ አጥቶ ሊሆን ይችላል። የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትንና እጅን እንደሚያቃጥል ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም በየዓመቱ የሚከፍት ሰው አይጠፋም።

የፍሬኑ ቀይ መብራት ሁለት ሥራ ስላለው ያታልላል። የእጅ ፍሬን ሲያዝ ይበራል፣ የፍሬን ዘይት ሲቀንስም ይበራል። የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆ እያለ የማይጠፋ ከሆነ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ ዘይቱ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። የኤቢኤስ ቢጫ መብራት ብቻውን ከበራ መደበኛው ፍሬን ይሠራል፤ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት ነው የጠፋው። ከቀዩ ጋር አብሮ ከበራ ግን መቆም ነው። በተለይ ባዶ ፒክአፕ ኋላው ቀላል በመሆኑ የኋላ ጎማዎቹ ቶሎ ተቆልፈው መኪናውን ሊያዞሩት ይችላሉ።

ከቢጫዎቹ ሦስቱን ብቻ ላንሳ። የተጠቀለለ ሽቦ የሚመስለው የካንዴላ መብራት ነው፤ ደብረ ብርሃን በማለዳ ሞተር የሚያስነሳ ሰው እስኪጠፋ ቢጠብቅ ባትሪውንም ሞተሩንም ያሳርፋል። ሁለተኛው የነዳጅ ማጣሪያው ውኃ መያዙን ይናገራል። ከበርሜልና ከጀሪካን ነዳጅ በሚቀዳበት መንገድ ይህ የተለመደ ነው፤ ከማጣሪያው ሥር ያለችውን ቡሎን አላልቶ ውኃውን ማስወጣት ይቻላል። ሦስተኛው “ቲ-ቤልት” የሚለው ጽሑፍ ሲሆን፣ የሞተሩን ውስጣዊ እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ቀበቶ ዕድሜው ደርሷል ማለት ነው። እንደ ሞዴሉ በ100 ሺሕ ወይም በ150 ሺሕ ኪሎ ሜትር ይበራል። መጥፎው ነገር ቀበቶውን ሳይቀይሩ መብራቱን ብቻ ማጥፋት መቻሉ ነው። የቀበቶው መበጠስ ፒስተኑን ከቫልቩ ጋር ያጋጫል፤ ለሞተሩ እድሳት የሚወጣውን ገንዘብ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል።

ወደ ትንሿ ማርሽ ልለፍ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡት ሃይሉክሶች ዳሽቦርዱ ላይ ባለች ክብ ማዞሪያ ተተክታለች፤ ሥራዋ ግን ያው ነው። 2ኤች ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች ብቻ ይሰጣል። 4ኤች ለአራቱም ይሰጣል። 4ኤል ደግሞ ፍጥነቱን ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ቀንሶ ጉልበቱን በዚያው ልክ ይጨምራል። 4ኤች በጉዞ ላይ በቀጥታ መንገድ ሊገባ ይችላል፤ ለ4ኤል ግን ቆሞ ማርሹን ዜሮ ማድረግ ያስፈልጋል።

“ለጥንቃቄ” ተብሎ ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብቶ የሚነዳ ሰው አጋጥሞኛል። ይህ ጥንቃቄ አይደለም። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ። በነዚህ ፒክአፖች 4ኤች ሲገባ የፊቱና የኋላው ዘንግ አንድ ላይ ይቆለፋሉ፤ ልዩነቱን የሚያቻችል ነገር በመሐላቸው የለም። ጭቃና ኮረት ላይ ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ይተነፍሳል። አስፋልት ላይ ግን መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይበላል፣ ማርሾቹ ይጨነቃሉ፣ በመጨረሻም ትንሿ ማርሽ አልወጣም ትላለች። ያኔ ቀጥ ብሎ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መመለስ ብዙ ጊዜ ይፈታታል። በእጅ የሚቆለፍ የፊት ጎማ ባላቸው መኪኖች ደግሞ ወርዶ ሁለቱንም “ሎክ” ወደሚለው ማዞር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ማርሿ ገብታም የፊት ጎማው ኃይል አያገኝም። ሌላም የተለመደ ስህተት አለ። ፎር ዊል ለመሄድ እንጂ ለመቆም አይረዳም። ጭቃ ላይ መኪናው በቀላሉ ስለተጎተተ በቀላሉ ይቆማል ማለት አይደለም፤ የትኛውም መኪና ፍሬን የሚይዘው በአራቱም ጎማ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። እዚህ ላይ ማየት የሚያስፈልገው ጌጅ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው ነው። አንድ መኪና ሽቅብ በሚወጣበት ማርሽ ቁልቁል መውረድ አለበት የሚለው የነባር ሹፌሮች ደንብ ትክክል ነው። በከባድ ማርሽ ሲወረድ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል፤ ቀስቱ ወደ ቀዩ ከተጠጋ በፍሬን ጥቂት ቀንሶ እንደገና መልቀቅ ነው። ፍሬን ያለማቋረጥ ከተረገጠ ሸራው ግሎ መያዝ ያቆማል፣ ዘይቱም ሊፈላ ይችላል፤ ያኔ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይወርዳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ወይም ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ ሹፌር ካጋጠማችሁ፣ ይህ “የሹፌሩ ሥራ” አይደለምና ተናገሩ። ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑም የመሪውም እገዛ አብሮ ይጠፋል። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው ከሆነም በ“ዲ” ዝም ብሎ ከመውረድ ማርሹን በእጅ ዝቅ ማድረግ ይገባል።

አንድ ትንሽ ነገር ቀረችኝ። በብዙ ፒክአፖች ከመሪው አጠገብ ከዜሮ ጀምሮ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ማዞሪያ አለች፤ ምን እንደምትሠራ የጠየቅኋቸው አብዛኞቹ ሰዎች አያውቋትም። ከኋላ ሲሚንቶ ወይም እህል ሲጫን ባሌስትራው ይተኛል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል፤ የፊት መብራቱም በመንገዱ ፋንታ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያበራል። በአጭር መብራት እየሄዳችሁ ሁሉም መኪና “ቀንስ” እያለ የሚያበራባችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ሲጨምር መብራቱ ዝቅ ይላል፤ ጭነቱ ሲራገፍ ወደ ዜሮ ይመለሳል።