ጠላቂ ስንት ኪሎ እርሳስ ይታጠቅ?

ከአስቀሎና በስተምሥራቅ፥ በለኪሶ ምድር በተቆረቆረችው በቂርያት ጋት ከሚኖሩት ቤተ እስራኤላውያን መካከል የሱዳንን በረሃ አቋርጠው የመጡ ስላሉ፥ ባሕረ ኤርትራ ለእነርሱ በኦሪት ብቻ የሚታወቅ ባሕር አይደለም፤ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የእስራኤል የስለላ ድርጅት በሱዳን ዳርቻ፥ በዓሩስ፥ የጠላቂዎች መዝናኛ መንደር ይዞ፥ ቀን የውጭ አገር እንግዶችን እያስተናገደ ሌሊት ስደተኞችን በጀልባ ወደ መርከብ ያሻግር ነበርና። የእነዚያ ስደተኞች ልጅ ዛሬ በዚያው ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ኤላት ወርዶ መጥለቅን ሊማር ቢነሣ፥ ገና ከዳርቻው ሳይርቅ የሚገጥመው ጥያቄ ስንት ኪሎ እርሳስ ልታጠቅ የሚለው ነው።

እርሳስ ለምን አስፈለገ ቢሉ፥ የሰራኩሱ ሊቅ አርኪሜዴስ እንዳስተማረው፥ ውኃ ውስጥ የገባ አካል ሁሉ ስፍራውን ባስለቀቀው ውኃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ስለሚገፋና፥ ከብርድ የሚጠብቀው የጎማ ልብስም ጥቃቅን አረፋ የሞላበት ስለሆነ ነው። የጨውም ነገር አለ፤ በውቅያኖስ በአንድ ኪሎ ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ሲገኝ በኤላት 40 ግራም ያህል ስለሚሆን፥ በመዋኛ ገንዳ ሚዛኑን ያገኘ፥ ከነዕቃው 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚያ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይጨምራል።

ጀማሪዎች ግን የሚስቱት በሌላ ስፍራ ነው፤ እርሳሱን ለመውረድ ብቻ ይለኩታል። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ ወደ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ አየር ይይዛል፤ ጠላቂው ተንፍሶት 50 ባር ሲቀረው ከሁለት ኪሎ በላይ ቀልሏል፤ በጥልቀቱ ተጨምቆ የነበረው ልብስም ወደ ላይ ሲቃረብ ዳግመኛ ይነፋል። ስለዚህ ሲወርድ የተስማማው ሰው፥ ናይትሮጅኑ ከሰውነቱ እንዲወጣ ሦስት ደቂቃ በሚቆይበት በአምስት ሜትር ላይ መርጋት ተስኖት ወደ ገጸ ማይ ይነጠቃል። መፈተን የሚገባው እንግዲህ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል ነው፤ እግር በማይደርስበት ውኃ ቀጥ ብሎ፥ አየር የሚሞላውን ሰደርያ አራግፎ፥ መጠነኛ ትንፋሽ ይዞ በአርምሞ ሲቆም ውኃው ከዓይኑ ትክክል ይሁን፤ ሲተነፍስ በዝግታ ይስጠም። ሲሊንደሩ ሙሉ ሳለ የፈተነ ሁለት ኪሎ ያህል ይጨምር።

ከማነሱ ይልቅ መብዛቱ እጅግ ያሳስበኛል። የከበደው ሰው ሰደርያውን በአየር ይሞላል፤ ያም አየር በየሜትሩ ሲጠብና ሲሰፋ ዕረፍት ይነሣዋል፤ እግሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ መቅዘፊያው ኮራሉን ይሰብራል፤ የኤላት የኮራል ጥብቅ ስፍራ ደግሞ ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም። መስጠም አልሆነልኝም ብሎ እርሳስ የሚለምን ጀማሪም ብዙ ጊዜ የጎደለው እርሳስ አይደለም፤ ከፍርሃት የተነሣ ደረቱን ሞልቶ ይዟል፤ በደረቱ የቀረ አንድ ሊትር አየር ደግሞ አንድ ኪሎ እርሳስ ይሽራል። አስተማሪው አስቀድሞ ያስተንፍሰው፤ ልቡ ሲረጋም አንድ አንድ ኪሎ ይቀንስለት። ልብሱን፥ ሲሊንደሩን ወይም ባሕሩን በለወጠ ጊዜ ፈተናውን ይድገም፤ የቀበቶውም ዘለበት በአንድ እጅ የሚፈታ መሆኑን ከመውረዱ በፊት ባልንጀራው ይይለት።