የጉለሌው እንጆሪና ዋጉ

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲጠባ፣ ከጉለሌ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው ዳገት አጥሩም ገደሉም በእንጆሪ ይሞላል። እንጆሪ ስንል ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ ታሽጎ የሚሸጠውን ትልቁን ቀይ ፍሬ ማለታችን አይደለም፤ ስም ይጋራሉ እንጂ ተክሉ ሌላ ነው። የእኛው እሾሃሙ፣ ፍሬው ከጥቃቅን እንክብሎች የተሠራው፣ የልጆችን ጣትና ከንፈር የሚያጠቁረው የዱሩ እንጆሪ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በአንድ ቅዳሜ ከአስር ሶላት በኋላ ወደዚያ ዳገት ወጣ ባልንበት ጊዜ አንዲት እናት የልጃቸውን መዳፍ ፈልቅቀው ፍሬውን ሲያስጥሉት ደረስን። «ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩት፤ መርዝ ይዞታል» አሉን። ገልብጠን አየነው። ከላይ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ከታች ደግሞ ሲነኩት እንደ እርድ ጣት ላይ የሚቀር ብርቱካንማ ዱቄት አለበት። ገጀራ ይዘው የቆሙ አንድ አባት በበኩላቸው «መርዝ ሳይሆን ዋግ ነው። አርሲ ያለውን የወንድሜን ስንዴ የጨረሰው እሱ ነው፤ ከተውነው ይዛመታል» አሉ። አጥሩን ከነሥሩ ሊመነጥሩት ተዘጋጅተዋል።

ለመሆኑ ከሁለቱ ትክክል የሆነው ማን ነው?

አባት በስሙ አልተሳሳቱም። ዋግ በሕያው ተክል ላይ ብቻ እየኖረ ምግቡን ከቅጠሉ ወይም ከግንዱ የሚቦጠቡጥ የፈንገስ ወገን ነው። ያ ዱቄት ዘሩ ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል፣ እርጥብ ቅጠል ሲያገኝ ይበቅላል። ፈረንጆች በቀለሙ የተነሳ «ዝገት» ይሉታል። በዓለም ላይ ከ7 ሺህ የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት። የአፍሪካን የዱር እንጆሪዎች ከሚያጠቁት አንዱ ሀማስፖራ ሎንጊሲማ የሚባለው ሲሆን፣ ሲጎለምስ ከቅጠሉ ሥር ፀጉር የመሰለ ክር ያወጣል።

የወንድማቸውም ሐዘን እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1994 የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ «እንቆይ» የተባለውን የስንዴ ዝርያ አወደመ። በ2010 ቢጫ ዋግ ብዙ የስንዴ አካባቢዎችን አዳረሰ። በ2013 እና በ2014 ደግሞ ገበሬው ተማምኖበት የነበረው «ዲገሉ» በአዲስ የግንድ ዋግ ተመታ። እ.ኤ.አ. በ1998 በኡጋንዳ የታየው ብርቱ የግንድ ዋግ አገራችን ውስጥ የተገኘው በ2003 ነበር። ድንበር የማያግደው ነፋስ ነው የሚሸከመው።

ሆኖም የስንዴው ዋግና የእንጆሪው ዋግ ዘመዳማቾች እንጂ አንድ አይደሉም። የእንጆሪው ዋግ ዕድሜውን የሚፈጽመው በእንጆሪና በቅርብ ዘመዶቹ ላይ ነው፤ ስንዴ ላይም ጤፍ ላይም ቢያርፍ አይበቅልም። የስንዴው ዋግም እንጆሪ ላይ አይኖርም። እርግጥ የአባት ጥርጣሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የስንዴን የግንድ ዋግ የሚያስጠልል እሾሃማ ቁጥቋጦ በእርግጥ አለ። በርበሪስ ይባላል፤ በአገራችን ደጋም የሚበቅል ዝርያ አለው። የአውሮፓ ገበሬዎች ከሊቃውንቱ ቀድመው ጠርጥረውት ነበር፤ ጀርመናዊው ደ ባሪ በ1865 አረጋገጠላቸው። አሜሪካኖች ከ1918 ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር በርበሪስ ነቅለዋል። የእኛ እንጆሪ ግን በዚህ ወንጀል የለበትም።

የሚያስገርመው፣ እኛ የምንሳሳለትን ተክል በዋግ ለማጥፋት የሚደክም አገር መኖሩ ነው። ከአውሮፓ የገባው እንጆሪ በቺሊና በአውስትራሊያ የግጦሽ መሬት እየሸፈነ አስቸገረ። ቺሊ በ1973 የእንጆሪ ዋግ አስመጥታ ለቀቀችበት። በአውስትራሊያ በ1984 ማን እንዳስገባው ሳይታወቅ ያው ዋግ ተገኘ፤ በ1991 ደግሞ መንግሥት ራሱ የተመረጠ ዝርያ አሰራጨ። እርጥበት ባለበት ቦታ ተክሉን በብርቱ አዳከመው፣ በደረቁ ስፍራ ግን ያን ያህል አልሠራም። እንጆሪው እስከ ዛሬ አለ። እንግዲህ ሆን ተብሎ ተለቆበት ያልጠፋ ተክል በጉለሌ ዳገት ላይ በዋግ ብቻ ይጠፋል ብለን አንሰጋም።

ወደ እናትየው ጥያቄ እንመለስ። ፈንገስን መፍራት ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 በወሎ፣ ኧርጎት የተባለ ሌላ ፈንገስ ከእህል ጋር ተበልቶ የሰዎችን እጅና እግር እስከ መበስበስ አድርሷል። ያኛው በእህል ዛላ ላይ ጥቁር ቀንድ መስሎ የሚያድግና በእርግጥም መርዛማ ነው። ዋግ ግን ሰው ላይ አይኖርም፣ በሽታም ሆኖ አይጋባም። ዱቄት የነካውን ፍሬ መተው፣ ንጹሑን አጥቦ መብላት ይበቃል።

ስለ አጥሩም ጠይቀን የተረዳነው ይህን ነው፦ ፍሬ ሰጥቶ ያበቃውን አሮጌ ዘንግ ቆርጦ ማውጣት፣ የታመመውንና የረገፈውን ቅጠል ሰብስቦ ማቃጠል ወይም መቅበር፣ ነፋስ እንዲገባበት ማሳሳት። ከነሥሩ ከተነቀለ ግን በቀጣዩ ክረምት የዳገቱን አፈር የሚይዘው ምንድን ነው? ይህ እንግዲህ ለሰፈር አጥር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ባቋቋሙት፣ ከ700 ሄክታር በላይ በሚሆነው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ክልል ውስጥ ያለውን ማንም ሊቆርጠው አይገባም።

በሳምንቱ ያጣራነውን ይዘን ወጣን። አባት በጥሞና ሰምተውን ሲያበቁ «የበርበሪሱን ነገር ለወንድሜ እነግረዋለሁ» አሉና ደረቅ ደረቁን ዘንግ እየለዩ መቁረጥ ያዙ። እናትየው ፍሬውን የሚያጥቡበት ውሃ በጆግ ይዘው ሲመጡ ልጁ ከንፈሩን አጥቁሮ ጨርሷል።