ለጠባቂ ውሻ የሚስማማ የአንገት ማሰሪያ

ለበሬው ቀንበር፣ ለበቅሎው ልጓም መርጦ የሚገዛ ገበሬ፣ ለውሻው አንገት ሲሆን ከጓዳ ያገኘውን ሲባጎ ወይም የቃጫ ገመድ አስሮ ይተወዋል። ቡችላው ሲያድግ ገመዱ አብሮት አያድግም። ጥበቱንም ፀጉሩ ስለሚሸፍነው፣ ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ገመዱ ቆዳውን በጥሶ ሥጋ ከገባና ዝንብ ከሰፈረበት በኋላ ነው። ሌሊት በጎቹን ከጅብ የሚጠብቅ ውሻ በዚህ ዓይነት ቍስሉ ተልቶ ሊሞት ይችላል።

ለማሰሪያ የሚሻለው በደንብ የለፋ የከብት ቆዳ ነው። ለትልቅ ውሻ ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ለቡችላ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ሰፊ ማሰሪያ ውሻው ሲጎትት ጫናውን ያከፋፍላል፤ ቀጭን ገመድ ግን እንደ ቢላዋ ይቈርጣል። ያልለፋ ጠፍር ፈጽሞ አይታሰርበት። ጠፍር ርሶ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሞፈርና ቀንበር ለማጥበቅ የተወደደበት ይኸው ጠባዩ፣ በአንገት ላይ ሲሆን ማነቂያ ይሆናል። ቆዳ የሌለው ሰው ጠፍጣፋ የናይሎን ማሰሪያ ጫፉን በእሳት አቅልጦ ሊሠራበት ይችላል። ሽቦን ግን እንኳን ለውሻ ለአጥርም በጥንቃቄ ነው።

ማሰሪያው ሲታሰር ሁለት ጣት ተደርቦ ሳይጨነቅ ከሥሩ የሚገባ፣ ነገር ግን በራስ በኩል የማይሾልክ ይሁን። ባለ ዘለበትና ባለ ብዙ ቀዳዳ ቢሆን ማላላት ይቀላል። የቡችላውን በየሳምንቱ፣ ያደገውንም ቢያንስ በየወሩ በጣት መፈተሽ ይገባል። በሸምቀቆ ማሰር አይገባም፤ በአጥር አጠገብም አይታሰር፤ ዘሎ ተንጠልጥሎ ይታነቃልና።

ማሰሪያው ለክትባትም ይረዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ለሰውም የሚተላለፈው አብዛኛውን ጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። ማሰሪያ ያለውን ውሻ ባለቤቱ አጥብቆ ስለሚይዘው ከታቢው አይነከስም። የልማት ሠራተኞችም በክትባት ቀን ጣታቸውን ከማሰሪያው ሥር ቢያስገቡ፣ ባለቤቱ ያላየውን ጥበት ያገኛሉ።

ገመድ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ቢገኝ በኃይል አይጎተት። መጀመሪያ የውሻው አፍ በጨርቅ ይታሰር፤ ከዚያ ገመዱ ባልጠለቀበት በኩል በመቀስ ይቈረጥ። ቍስሉ ተፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው ሟሙቶ ይታጠብ፤ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ። የተሸረፈው ገመድ ቆዳው ውስጥ ተጣብቆ ከቀረ ግን ሐኪሙ እስኪያወጣው መንካት አይገባም። ሲረዱት ነክሶ ያቈሰለው ሰው ቢኖር፣ ቍስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።